ሕመም የሌለው የቆለጥ እብጠት፦ ካንሰር የሚመስሉ፣ ግን ካንሰር ያልሆኑ ችግሮች

ዛሬ ወንዶች ለሚስታቸውም፣ ለጓደኛቸውም፣ ለሐኪማቸውም ስለማይናገሩት ጉዳይ ነው የምጽፈው። እህቶች፣ እናንተም አንብቡት። ባልን፣ ወንድምን ወይም ልጅን እየገፋችሁ ወደ ሕክምና የምታመጡት ብዙ ጊዜ እናንተ ናችሁ።

በአንድ ታካሚ ልጀምር። ፈቅዶልኛል፤ ማንነቱ እንዳይታወቅም አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ሁሩታ ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ የ26 ዓመት ወጣት ነው። «ወገቤን ያመኛል» ብሎ ገባ። ወገቡን መረመርኩት፣ ይህን ያህል የሚያሳስብ ነገር የለውም። ማስታገሻ ጻፍኩለት። አመስግኖ ተነሳ፣ የበሩን እጀታ ከያዘ በኋላ ዞር አለና «ዶክተር፣ ሌላም ነገር አለ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ7 ወር በፊት ገላውን ሲታጠብ ግራ ቆለጡ ላይ ሽምብራ የሚያህል ጠንካራ ነገር በእጁ ነካው። አሁን የወይን ፍሬ አክሏል። አንድም ቀን አላመመውም። ጓደኛው «ካላመመህ ተወው» ብሎታል። አጎቱ «ቡአ ነው፣ አባትህም ነበረው» ብሎታል። ሦስት ጊዜ ሶደሬ ሄዶ ፍልውሃ ውስጥ ተነክሯል። ሽማግሌ ልኮ ቀን ከተቆረጠለት በኋላ ሰርጉን በሰበብ አራዝሟል። «ቢቆርጡኝስ? ልጅ ባልወልድስ?» ይላል። ለ7 ወር እንቅልፍ የነሳው ይሄ ነው።

እሱን እያየሁ በኢንተርንነት ጊዜዬ ያየሁት ሌላ ወጣት ትዝ አለኝ። እሱም 30 ዓመት አልሞላውም ነበር። እሱም «አያመኝም» ብሎ አንድ ዓመት ተኩል ጠበቀ። ወደ ሆስፒታል የመጣው ሳል ይዞት፣ ትንፋሽ አጥሮት ነው። ደረቱ ራጅ ሲነሳ ሳንባው ላይ ክብ ክብ ጥላዎች ታዩ። መነሻው ቆለጡ ላይ የነበረው ያ የማያመው እብጠት ነበር።

ሁለቱም የተናገሩት ቃል አንድ ነው፤ «አያመኝም»። የአንዱ ካንሰር ነበር። የሌላውን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሄን ያዙ፦ እብጠቱ አለማመሙ ክፉም ደግም አይነግረንም። የሚነግረን እብጠቱ ያለበት ቦታ ነው።

ለምን አያምም?

ቆለጥ ሲመታ፣ ሲጠማዘዝ ወይም በኢንፌክሽን በድንገት ሲያብጥ እንዴት እንደሚያም ኳስ የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። ሕመሙ የሚመጣው ፍሬውን የሸፈነው ጠንካራ ልባስ በድንገት ሲወጠር ነው። በወራት ውስጥ ቀስ እያለ የሚያድግ ነገር ግን ልባሱን በድንገት አይወጥረውም፤ ስለዚህ ድምፅ የለውም። ካንሰርም፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢም፣ ተራ የውሃ ከረጢትም ቀስ ብለው ያድጋሉ። በሕመም እነሱን መለየት የማይቻለው ለዚህ ነው።

ከረጢቱ ውስጥ ምን ምን አለ?

ሦስት ነገር ብቻ እንወቅ።

1. የዘር ፍሬው (ቆለጡ)። እንደ ተቀቀለና እንደ ተላጠ እንቁላል ለስላሳና ሞላላ ነው።

2. ከፍሬው ጀርባ የተለጠፈው ኤፒዲዲሚስ። ዘሩ የሚበስልበትና የሚከማችበት የተጠማዘዘ ቱቦ ነው። ሲዳሰስ ጎርበጥበጥ ይላል። ብዙ ወጣት ይሄን አግኝቶ «እብጠት ወጣብኝ» ብሎ ይደነግጣል፤ ተፈጥሮ ነው፣ በሁለቱም በኩል አለ።

3. ፍሬውን ከላይ አንጠልጥሎ የያዘው ገመድ። በውስጡ የደም ሥሮችና የዘር ቱቦው ያልፋሉ፤ በብሽሽት በኩል ወደ ሆድ ይገባል።

በዚህ ሁሉ ዙሪያ ስስ ልባስ አለ። በልባሱ ሁለት ንጣፎች መካከል ጥቂት ፈሳሽ ይኖራል።

እብጠት ከእነዚህ ከአንዱ ነው የሚነሳው። የሐኪሙ የመጀመሪያ ሥራ «ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ አይደለም። «ከየትኛው ነው የተነሳው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ምርመራ ክፍል ውስጥ የምንጠይቃቸው አራት ጥያቄዎች

አንደኛ፦ ጣቴ ከእብጠቱ በላይ ማለፍ ይችላል? ካልቻለ እብጠቱ ከሆድ የወረደ ሄርኒያ ሊሆን ይችላል። በእኛ አካባቢ «ቡአ» የሚለው ቃል ሄርኒያንም፣ የውሃ መቋጠርንም፣ ሌላውንም እብጠት በአንድ ላይ ይጠራል። ሕክምናቸው ግን የተለያየ ነው። «የአባቴም ነበረው» ማለት ምርመራ አይተካም።

ሁለተኛ፦ እብጠቱ ከፍሬው ይለያል ወይስ ራሱ ፍሬው ውስጥ ነው? ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። በአዋቂ ወንድ ከፍሬው ውጭ ያለ እብጠት በአብዛኛው ደግ ነው። ፍሬው ውስጥ ያለ ጠጣር ነገር ግን ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ካንሰር ነው የሚታየው።

ሦስተኛ፦ ብርሃን ያሳልፋል? ክፍሉን አጨልመን ከኋላ በኩል ባትሪ ስናበራበት ቀላ ብሎ እንደ ፋኖስ ከበራ በውስጡ ያለው ንጹሕ ፈሳሽ ነው። ካልበራ ጠጣር፣ ደም ወይም አንጀት ሊሆን ይችላል። በስልካችሁ ባትሪ ቤት ሞክራችሁ «በራልኝ፣ ደህና ነኝ» እንዳትሉ ግን አደራ። ከፈሳሹ ጀርባ ዕጢ ተደብቆ ሊኖር ይችላል።

አራተኛ፦ ሲተኛ ይጠፋል? ቆሞ ታይቶ ሲተኛ የሚጠፋ ከሆነ የደም ሥር መወጠር ወይም ሄርኒያ እንጠረጥራለን።

የተለመዱት

የውሃ መቋጠር (ሀይድሮሲል)፦ በፍሬው ዙሪያ ፈሳሽ ሲጠራቀም ነው። ብርሃን ያሳልፋል። በሕፃናት ላይ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 1 ወይም 2 ዓመት ባለው ጊዜ በራሱ ይጠፋል። በወጣት ላይ አዲስ ከመጣ ግን አልትራሳውንድ ግድ ነው፤ አንዳንድ የቆለጥ ካንሰር ውሃ ቋጥሮ ነው የሚመጣው።

የዘር ፈሳሽ ከረጢት (ስፐርማቶሲል)፦ ከፍሬው በላይና ከኋላ፣ ከኤፒዲዲሚስ የሚወጣ ለስላሳ ኳስ ነው። ካላስቸገረ አይነካም። ገና ልጅ መውለድ የሚፈልግ ሰው እንዲወጣለት ባይቸኩል ይሻላል፤ ኦፕራሲዮኑ የዘር ቱቦውን ሊጎዳ ይችላል።

የደም ሥር መወጠር (ቫሪኮሲል)፦ ከ100 ወንዶች 15 ያህሉ አላቸው። ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል በግራ በኩል ነው፤ ሲዳሰስ በከረጢት ውስጥ እንዳለ ትል ይመስላል። በቀኝ በኩል ብቻ ከመጣ፣ ወይም ተኝቶም ካልጠፋ፣ ሆድ ውስጥ የደም ሥሩን የተጫነ ነገር እንዳለ ማየት ያስፈልጋል።

እነዚህን ብዙ ሐኪም ቶሎ ይለያቸዋል። ችግር የሚመጣው በሚቀጥሉት ነው።

ብርቅዬዎቹ ግን ደጎቹ

ኤፒደርሞይድ ሲስት። ይሄ ፍሬው ውስጥ የሚያድግ፣ በሞተ የቆዳ ሽፋን ቅርፊት የተሞላ ከረጢት ነው። ከ100 የቆለጥ ዕጢዎች 1 ያህሉን ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 40 ዓመት ባሉት ላይ ይታያል። ጠንካራ ነው፣ አያምም፣ ብርሃን አያሳልፍም፤ በእጅ ከካንሰር ፈጽሞ አይለይም። በአልትራሳውንድ ግን ለየት ያለ መልክ አለው። በአግድም እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት ቀለበት በቀለበት ሆኖ ይታያል፤ በውስጡም ደም አይዘዋወርም። የካንሰር ጠቋሚ የደም ምርመራዎች ጤናማ ይሆናሉ። እነዚህ ሦስቱ ከተገጣጠሙ ሙሉውን ፍሬ ከማውጣት ይልቅ እብጠቱን ብቻ አውጥቶ ፍሬውን ማትረፍ ይታሰባል።

አዴኖማቶይድ ዕጢ። ኤፒዲዲሚስ ላይ ከሚወጡ ጠጣር ዕጢዎች በብዛት የሚገኘው ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ ከታች በኩል፣ ጭራው ላይ ይወጣል። ትንሽ፣ ክብ፣ ጠንካራ ነው፤ ለዓመታት ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል። ወደ ካንሰር አይለወጥም። ከወጣ በኋላ ተመልሶ አይመጣም።

ፋይብረስ ስዩዶቱመር። ስሙ ከባድ ነው፣ ነገሩ ግን ጠባሳ ማለት ነው። የቆለጡ ልባስ ከምት፣ ከኢንፌክሽን ወይም ከቆየ የውሃ መቋጠር በኋላ ሲቆጣ ቋጠሮ ቋጠሮ ሆኖ ይደነድናል። ከዚሁ ጋር የሚዛመድ አንድ ለየት ያለ ነገርም አለ። በልባሱ ውስጥ ያለ ቁራጭ ይላቀቅና ጠጥሮ እንደ ዶቃ ይንቀሳቀሳል። ታካሚው «ዶክተር፣ አሁን እዚህ ነበር፣ ሸሸ» ይላል። የሚሸሽ ጠጠር ከሆነ ብዙ ጊዜ ደግ ነው።

የልባሱ ሲስት። ፍሬው ራሱ ላይ፣ ፊት ለፊት በኩል የምትገኝ አተር የምታክል ከረጢት ናት። ትንሽ ስለሆነችና ደንደን ስለምትል ታስደነግጣለች። አልትራሳውንድ ላይ ንጹሕ ፈሳሽ ብቻ ሆና ከታየች አትነካም።

የከረጢቱ ቆዳ ላይ የሚወጡ ነጫጭ ጠጠሮች። ቆዳው ውስጥ ካልሲየም ሲጠራቀም ነው። አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንዴ በደርዘን ይሆናሉ። አያሙም፤ ሲፈነዱ እንደ ኖራ ያለ ነገር ይወጣል። ቆዳው ሲጎተት አብረው ይጎተታሉ፤ ከፍሬው ጋር ግንኙነት የላቸውም። ወጣቶች የአባላዘር በሽታ መስሏቸው ዓመታት ይደብቁታል። አይደለም፤ ወደ ሚስትም አይተላለፍም።

ሦስተኛ ፍሬ። አዎ፣ ሦስት ቆለጥ ይዞ የሚወለድ ሰው አለ፤ በጣም ብርቅ ነው። ብዙ ጊዜ በግራ በኩል ነው። አልትራሳውንድ ላይ ያ ትርፉ ነገር ከጤናማው ፍሬ ጋር ፍጹም አንድ ዓይነት መልክ አለው። ከረጢቱ ውስጥ ካለና አጠራጣሪ ነገር ከሌለው በክትትል ይታለፋል።

የጣፊያ ቁራሽ። ይሄኛው ለማመን ይከብዳል። ሕፃኑ በማኅፀን እያለ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ጣፊያና የግራው የዘር ፍሬ ጎን ለጎን ናቸው። አልፎ አልፎ የጣፊያው ቁራሽ ፍሬው ላይ ይለጠፍና አብሮት ወደ ከረጢቱ ይወርዳል። በ1883 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ተገልጿል። ከዚያ ወዲህ ከታወቁት ታካሚዎች ብዙዎቹ እውነቱ የተገኘው ፍሬው እንደ ካንሰር ተቆጥሮ ከወጣ በኋላ ነው።

ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ ቅሪት። በተፈጥሮ የአድሬናል ሆርሞን ችግር ይዘው የተወለዱ ወንዶች ሁለቱም ፍሬዎች ውስጥ እብጠት ሊያወጡ ይችላሉ። ይሄኛው ሆርሞኑን በመድኃኒት በማስተካከል ሊቀንስ ይችላል። በሁለቱም በኩል እኩል የሆነ እብጠት ያለበትን ወጣት ስለ ልጅነቱ ሕመም መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አያችሁ? አንዳንዱ በመጠበቅ፣ አንዳንዱ በመድኃኒት፣ አንዳንዱ በትንሽ ኦፕራሲዮን የሚያልቅ ነው። ሐኪሙ ቀድሞ ካላሰባቸው ግን ሊተርፍ የሚችል ፍሬ ይወጣል።

በአገራችን የማንረሳቸው

ቲቢ። ሳንባ ላይ ብቻ አይደለም የሚወጣው። ኤፒዲዲሚስ ላይ ሲወጣ ብዙ ሕመም ሳይኖረው ይደነድናል፤ የዘር ቱቦውን እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ቋጠሮ በቋጠሮ ያደርገዋል። ቆይቶ ቆዳውን በስቶ ሊፈስ ይችላል። «ኢንፌክሽን ነው» ተብሎ አንቲባዮቲክ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሰጥቶት ያልተሻለው ሰው ቲቢ ሊታሰብለት ይገባል። ማታ ማታ ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ የቆየ ሳል፣ በቤት ውስጥ ቲቢ የነበረበት ሰው ካለ ለሐኪሙ ንገሩ። ሽንትን በጂንኤክስፐርት መመርመር ይረዳል። ቲቢ ይድናል፣ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው።

ፊላሪያሲስ። ትንኝ የምታስተላልፈው ክር መሳይ ትል ነው፤ ከረጢቱን በውሃ በጣም ሊያሳብጠው ይችላል። በአገራችን በዋናነት የሚገኘው እንደ ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ባሉ ምዕራባዊ ቆላማ ቦታዎች ነው። ጋምቤላ ውስጥ በ2009 እ.ኤ.አ. ሕዝቡን በጅምላ መድኃኒት የመስጠት ዘመቻ ተጀምሯል። ስለዚህ ለእርሻ ሥራ ወደዚያ ሄዶ የቆየ ሰው ከሆናችሁ ንገሩን። በደጋው የምናየው የእግር ዝሆኔ ግን ሌላ ነው፤ በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ከመሄድ የሚመጣ ሲሆን ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ብዙውን ጊዜ ከጉልበት በታች ይቀራል። ቆለጥን ማሳበጥ የእሱ ጠባይ አይደለም።

ቢልሃርዚያ። የወንጂ አካባቢ የሚታወቀው በአንጀት ቢልሃርዚያ ነው። የሽንት ቢልሃርዚያ የሚገኘው ከዚያ ወረድ ብሎ በመካከለኛው አዋሽ ነው። የዚህኛው እንቁላል አልፎ አልፎ ኤፒዲዲሚስ ወይም ፍሬው ላይ ተቀምጦ እብጠት ያወጣል። ብርቅ ነው። ግን በመስኖ እርሻ ሠርቶ፣ በቦዩ ታጥቦ፣ ሽንቱ ላይ ደም አይቶ የሚያውቅ ሰው ይሄን ታሪክ መንገር አለበት፤ በክኒን የሚታከም ነገር ነውና።

ምርመራው እንዴት ይሄዳል?

ቅደም ተከተሉ ዋናው ነገር ነው።

1. ሐኪም በእጁ ይመረምራል። ሁለቱንም ወገን፣ ጤናማውን ቀድሞ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አታፍሩ፤ ለእኛ እንደ ጉሮሮ ማየት ነው።

2. አልትራሳውንድ። አያምም፣ ጨረር የለውም፣ አዳማም አሰላም ይገኛል። እብጠቱ ፍሬው ውስጥ ነው ወይስ ውጭ የሚለውን ጥያቄ ስህተት በሌለው መልኩ ለማለት በሚቻል ደረጃ ይመልሳል። «የቆለጥ አልትራሳውንድ፣ ከደም ዝውውር ጋር» ተብሎ ይታዘዛል።

3. ፍሬው ውስጥ ጠጣር ነገር ከታየ የካንሰር ጠቋሚ የደም ምርመራዎች ይሠራሉ፦ አልፋ ፊቶፕሮቲን፣ ቤታ ኤችሲጂ እና ኤልዲኤች። ቤታ ኤችሲጂ በእርግዝና ምርመራ የምንፈልገው ያው ሆርሞን ነው፤ አንዳንድ የቆለጥ ካንሰር ያመነጨዋል። ደሙ መወሰድ ያለበት ከኦፕራሲዮን በፊት ነው። ውጤቱ ጤናማ ቢሆንም ካንሰር የለም ማለት አይደለም፤ ከአልትራሳውንዱ ጋር ተያይዞ ነው የሚነበበው።

4. ዩሮሎጂስት። አልትራሳውንዱ የደጎቹን መልክ ካሳየ ፍሬውን የማትረፍ ነገር ከእሱ ጋር ይመከራል።

አንድ ነገር በድፍረት ልናገር፦ ፍሬው ውስጥ ያለ ጠጣር እብጠት በከረጢቱ ቆዳ በኩል በመርፌ አይወጋም፣ አይቀደድም፣ «ውሃውን ላፍስስልህ» አይባልም። ለምን? የቆለጡ የሊምፍ ቱቦዎች ወደ ሆድ ውስጥ፣ ወደ ኩላሊት አካባቢ ነው የሚሄዱት። የከረጢቱ ቆዳ ግን ወደ ብሽሽት ይሄዳል። በቆዳው በኩል ሲወጋ ካንሰሩ ከነበረ አዲስ መንገድ ሊከፈትለት ይችላል። ስለዚህ ኦፕራሲዮኑ በብሽሽት በኩል ነው የሚሠራው። በባህል ሐኪም ማስበጣት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው።

ካንሰር ቢሆንስ?

የቆለጥ ካንሰር በአፍሪካ ከአውሮፓ ይልቅ በጣም ያነሰ ነው። ይሄ ደስ ይላል፤ ግን አደጋም አለው፤ ብርቅ ስለሆነ ታካሚውም ሐኪሙም አያስበውም። በብዛት የሚይዘው ከ15 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ነው። ሲወለድ ቆለጡ ሳይወርድ የቀረ ሰው አደጋው ከፍ ይላል። ወላጆች ይሄን ስሙ፦ የልጃችሁ ፍሬ በ6 ወሩ ካልወረደ ሐኪም ይየው፤ ኦፕራሲዮን ካስፈለገ 18 ወር ሳይሞላው ቢሠራ ይመረጣል።

መልካሙ ዜና ደግሞ ይሄ ነው። የቆለጥ ካንሰር በሕክምና በጣም ከሚድኑት ካንሰሮች አንዱ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ከ100 ታካሚዎች ከ95 በላይ ይድናሉ። አንድ ፍሬ ቢወጣም ሁለተኛው ጤናማ ከሆነ ለወንድነትም ለልጅም ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ልጅ ገና ያልወለደ ሰው ግን ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ስለዚሁ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ራስን መፈተሽ

በወር አንድ ቀን፣ በሞቀ ውሃ ከታጠባችሁ በኋላ ከረጢቱ ሲላላ፣ አንድ በአንድ ፍሬውን በአውራ ጣትና በሌሎቹ ጣቶች መካከል ቀስ ብላችሁ አንከባልሉት። ግራው ዝቅ ብሎ መንጠልጠሉ ተፈጥሮ ነው። ከኋላ ያለው ጎርባጣም ተፈጥሮ ነው። የምትፈልጉት አዲስ ነገርን ነው፦ ጠጠር ያለ ቋጠሮ፣ የአንዱ ፍሬ መክበድ ወይም መደንደን፣ የመጠን ለውጥ።

አዲስ ነገር ካገኛችሁ በቀጣዮቹ ቀናት ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ወራት አትጠብቁ። ድንገተኛ ኃይለኛ ሕመም ከመጣ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፍሬው ተጠማዞ ሊሆን ይችላል። በ6 ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል፤ ሌሊትም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን።

በኢንቦክስ ፎቶ እንዳትልኩልኝ እለምናችኋለሁ። ለእናንተም ጥሩ አይደለም፣ በፎቶም ይሄ ነገር አይታወቅም። እጅና አልትራሳውንድ ይፈልጋል።

የባጃጅ ሹፌሩስ?

እጄ እብጠቱን ከፍሬው መለየት አልቻለም፤ ፍሬው ውስጥ ነበር። ባትሪው አላሳለፈም። በዚያች ደቂቃ ያ በሳል የመጣው ወጣት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ደግ ይሁን ክፉ አላውቅም ነበር፤ ያንንም ነገርኩት። «ወንድሜ፣ ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ከዚህ በኋላ ግን በግምት አንሄድም፣ ነገ አልትራሳውንድ ትነሳለህ» አልኩት። «ነገ ሥራ አለኝ» አለኝ። «ባጃጁን ለወንድምህ ስጠው» አልኩት። ሄደ።

አልትራሳውንዱ ቀለበት በቀለበት የሆነ፣ ደም የማይዘዋወርበት ኳስ አሳየ። የደም ምርመራዎቹ ጤናማ ወጡ። ሪፈር ጽፌለት አዲስ አበባ ዩሮሎጂስት ዘንድ ሄደ። ዩሮሎጂስቱ ሁለቱንም ዕድል ነገረው፤ ሲከፈት አጠራጣሪ ከሆነ ሙሉው ፍሬ ሊወጣ እንደሚችል አስፈረመው። በብሽሽት በኩል ገብቶ እብጠቱን ብቻ አወጣ። ፍሬው ቀረለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የፓቶሎጂው ውጤት መጣ፦ ኤፒደርሞይድ ሲስት፣ ካንሰር አይደለም።

ውጤቱን ይዞ ሁሩታ መጥቶ ያለኝን አልረሳውም። «ዶክተር፣ 7 ወር ሙሉ ሞቼ ነበር እኮ» አለኝ። በሽታው አይደለም የገደለው፤ አለማወቁ ነው። ያንን ፍርሃት በአንድ ሳምንት ውስጥ መገላገል ይችል ነበር። ያ ሌላው ወጣት ደግሞ በዚያው ሳምንት ቢመጣ ኖሮ ሳንባው ላይ ሳይደርስ ይታከም ነበር።

ብዙ ወንድ ዋናውን ጉዳይ የሚናገረው የበሩን እጀታ ከያዘ በኋላ ነው። እናንተ ገና ስትቀመጡ ተናገሩ።

ይሄን ጽሑፍ ለወንድማችሁ፣ ለጓደኛችሁ ሼር አድርጉት፤ ማን እንደሚያስፈልገው አታውቁም። መልካም ጤና!